የሥራ ውሻ ሥራ ሲያጣ

ውሻ ለአርሶ አደሩ ግቢ እንግዳ አይደለም። ሌሊት ጅብ ወደ ጉረኖው ሲጠጋ ቀድሞ የሚሰማው፣ ዝንጀሮ ወደ በቆሎ ማሳ ሲወርድ እየጮኸ የሚያባርረው፣ የማይታወቅ ሰው ደጅ ሲረግጥ ባለቤቱን የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚከፈለው ደግሞ የገበታ ትራፊ ነው። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” እንዲሉ፣ ጥቂት ቀምሶ ብዙ የሚጠብቅ እንስሳ በመሆኑ ባለቤቱ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ ብዙም ሳይጨነቅ ኖሯል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ነገሩ መልኩን እየቀየረ ነው። በከተሞችና በከተሞች ዙሪያ የወተት ላም እርባታ፣ የዶሮ እርባታ፣ የበግና የከብት ማድለብ ሥራ የጀመሩ አርሶ አደሮች፣ ወጣቶችና ባለሀብቶች ንብረታቸውን ከሌባና ከአውሬ ለመጠበቅ “የፈረንጅ ውሻ” ወደመፈለግ ገብተዋል። በተለይ በፖሊስና በጦር ሠራዊት ሥራ ስማቸው የገነነው ጀርመን ሼፐርድና ቤልጅየም ማሊኗ የብዙዎችን ዓይን ይስባሉ። በስልክ በሚታዩ ቪዲዮዎች ግንብ ሲዘሉ፣ ሌባ ሲይዙ፣ በአንድ ቃል ሲቀመጡ የሚታዩት እነዚህ ውሾች “አንዱ ለአሥር ጥበቃ ይበቃል” የሚያሰኙ ናቸው።

ይሁንና ቪዲዮው ከውሻው ጀርባ የቆመውን አሠልጣኝና ያፈሰሰውን ጊዜ አያሳይም። ለሥራ ታስቦ የተዳቀለና ከፍተኛ የሥራ ወኔ ያለው ውሻ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ውሻ ይዞ ለማያውቅ ሰው ይሆናል ወይ? የሚለው ጥያቄ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። አጭሩ መልስ “ለአብዛኛው ሰው አይሆንም” የሚል ነው። ምክንያቱ ውሻው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ይልቁንም የተፈጠረለት ሥራ በአብዛኛው ግቢ ውስጥ ስለሌለ ነው።

ወኔው ከየት መጣ?

ጀርመን ሼፐርድ ስሙ እንደሚያመለክተው መነሻው እረኝነት ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የተባለ የቀድሞ የጀርመን ፈረሰኛ ጦር መኮንን እ.አ.አ በ1899 የዝርያውን ማኅበር ሲመሠርት ዓላማው መልከ መልካም ውሻ ማርባት አልነበረም። ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር የሚውል፣ ትዕዛዝ የሚሰማና የማይታክት ሠራተኛ ውሻ ማውጣት ነበር። ለዚህም ሲባል ከ1901 ጀምሮ ውሾች ዱካ በመከተል፣ በመታዘዝና በመከላከል የሚፈተኑበት ውድድር ተጀመረ። የፈተናው ዋና ቁም ነገር የትኛው ውሻ ለማዳቀል ይብቃ የሚለውን መለየት ነበር።

ቤልጅየም ማሊኗም እንዲሁ ከእረኛ ውሾች ወገን ነው። ስያሜውን ያገኘው ከቤልጅየሟ ማሊን ከተማ ሲሆን፣ ከጀርመን ሼፐርድ ቀለል ያለ፣ ፈጣንና ቁጡ ውሻ ነው። ወንዱ በአብዛኛው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እ.አ.አ በ2011 የአሜሪካ ልዩ ኃይል ኦሳማ ቢን ላደንን ፓኪስታን ውስጥ በገደለበት ዘመቻ ካይሮ የተባለ ማሊኗ አብሮ መሰማራቱ ከታወቀ ወዲህ የዝርያው ዝና በዓለም ዙሪያ ይበልጥ ናኝቷል።

በጊዜ ሂደት በአንድ ዝርያ ውስጥ ሁለት መስመር ተፈጥሯል። አንደኛው ለመልክና ለትርዒት የተመረጠው ነው። ሁለተኛው ለሥራ ብቻ እየተመረጠ ለትውልዶች የተዳቀለው ነው። አሠልጣኞች “ድራይቭ” የሚሉት፣ በአማርኛ የሥራ ወኔ ሊባል የሚችለው ባሕርይ የሚጎላው በሁለተኛው ላይ ነው። ወኔ ያለው ውሻ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ሳያሳድድ ማለፍ ይከብደዋል፤ የነከሰውን ቶሎ አይለቅም፤ ደክሞም አያቆምም። ለፖሊስ ይህ ሀብት ነው። ሥራ ለሌለው ግቢ ግን ዕዳ ነው።

ማሳደድና መጠበቅ አንድ አይደሉም

በገበያ ላይ ተደጋግሞ የሚሠራ ስህተት አለ፤ “ኃይለኛ ውሻ በጎቼን ይጠብቅልኛል” የሚለው ነው። ስህተቱን ለመረዳት የውሻን ተፈጥሮ ማየት ይጠቅማል። ውሻ የተገኘው ከተኩላ ነው። ተኩላ ሲያድን የሚከተለው ተራ አለው፤ ያተኩራል፣ ያደባል፣ ያሳድዳል፣ ይነክሳል፣ ይገድላል። የሰው ልጅ ለተለያየ ሥራ ሲያዳቅለው ከዚህ ተራ አንዳንዱን አጉልቷል፤ አንዳንዱን ደግሞ አደብዝዟል።

በእንግሊዝና በስኮትላንድ ድንበር የሚታወቀው ቦርደር ኮሊ ማተኮሩና ማድባቱ ጎልቶለት፣ መግደሉ የደበዘዘለት ውሻ ነው። በጎቹን በዓይኑ እያስፈራራ፣ በእረኛው ፉጨት እየታዘዘ ወደ ጉረኖ ይነዳቸዋል። በጀርመን ሼፐርድና በማሊኗ የሥራ ዘር ላይ ደግሞ ማሳደዱና አጥብቆ መንከሱ ጎልቷል። ሌባ ሲሸሽ ተከትሎ የሚይዘውም ለዚህ ነው።

ከእነዚህ ፈጽሞ የሚለየው ሦስተኛ ወገን መንጋ ጠባቂው ውሻ ነው። የቱርኩ ካንጋል፣ የጣሊያኑ ማሬማ እና የመሳሰሉት ማሳደድ እምብዛም አይታይባቸውም። ከበግ ጋር አድገው በጎችን እንደ ወገን ይቆጥራሉ፤ በመንጋው መሐል ይተኛሉ፤ አውሬ ሲመጣ ከመንጋው ፊት ቆመው ይጮኻሉ። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሬይመንድና ሎርና ኮፒንገር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እነዚህን ውሾች ለገበሬዎች እየሰጡ ሲያጠኑ፣ ጥሩ መንጋ ጠባቂ ሦስት ነገሮችን እንደሚያሟላ አስቀምጠዋል። አንደኛ በጎቹን አይጎዳም፤ ሁለተኛ ከበጎቹ አይለይም፤ ሦስተኛ አውሬ ሲመጣ ይከላከላል። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። ኃይለኛነት የመጣው በመጨረሻ ነው።

ስለሆነም ለማሳደድ የተዳቀለን ውሻ ሳያሠለጥኑ በግ መሐል መልቀቅ ማለት የሚሮጥ ነገር እንዲይዝ የተፈጠረን እንስሳ በሚሮጡ ነገሮች መክበብ ማለት ነው። በጓ ስትሸሽ ያሳድዳታል፤ ሲያሳድዳት ይበልጥ ትሸሻለች። መጨረሻው የሚገመት ነው።

ጀማሪው ባለቤት የሚገጥመው

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በከተማ ዳር የወተት ላሞችና ጥቂት በጎች ያለው አንድ አርቢ፣ ሁለት ጊዜ በግ ተሰርቆበት የሥራ ዘር የሆነ ማሊኗ ቡችላ ገዛ እንበል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ደስ ይላሉ። ቡችላው ፈጣን፣ ተጫዋችና ንቁ ነው። ልጆች ሲሮጡ ተከትሎ ተረከዛቸውን ጨምደድ ሲያደርግ ቤተሰቡ ይስቃል፤ “ገና ከአሁኑ ኃይለኛ ነው” ይባላል።

በስድስተኛው ወር ጨዋታው ይቀየራል። ጥርሱ ተተክቷል፤ መንጋጋው ጠንክሯል። ዶሮ ገደለ፤ የጎረቤት ጥጃ አባረረ፤ ውሃ ቀድታ የመጣችን ልጅ ቀሚስ ቀደደ። ባለቤቱ ቀን ቀን በሰንሰለት ያስረው ጀመር። የታሰረ ወኔ ደግሞ አይጠፋም፤ ይጠራቀማል። ውሻው በሰንሰለቱ ዙሪያ መሬቱን እየቆፈረ፣ ባለፈ ባገደመው ላይ እየተወረወረ ይውላል። ሌሊት ሲፈታ የቀኑን ሁሉ ኃይል ባገኘው ነገር ላይ ያወጣዋል። በዓመቱ ባለቤቱ ራሱ ለመፍታት ይፈራዋል። በዚያን ጊዜ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ለሌላ ሰው አሳልፎ መስጠት ወይም መግደል።

ምሳሌው የሚያሳየው ችግሩ ከየት እንደሚጀምር ነው። ከኃይለኛነቱ በፊት የነበሩት ሦስት ጉድለቶች ናቸው፤ ሥራ፣ ሥልጠናና ጊዜ። በፖሊስ ተቋማት አንድ ውሻ አንድ ቋሚ አሠልጣኝ አለው። ሰውየውም ሆነ ውሻው አብረው ለወራት ይሠለጥናሉ፤ ከዚያም በኋላ ልምምዱ አይቋረጥም። ውሻው “ያዝ” የሚለውን የሚማረው “ልቀቅ” ከሚለው ጋር ነው። ጀማሪው ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ብቻ ያስተምራል፤ ሁለተኛውን የሚያስተምርበትን መንገድ አያውቀውም። መልቀቅ የማያውቅ ውሻ ደግሞ ሌባውንም እንግዳውንም አይለይም።

ቡችላ የሚቀረጽበት ጊዜም አጭር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ1965 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት፣ ቡችላ ከሰውና ከሌሎች እንስሳት ጋር የሚላመድበት ዋነኛው ወቅት ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ መሆኑን አሳይተዋል። በዚህ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባለ ዣንጥላ፣ በግ፣ ዶሮና መኪና ያላየ ቡችላ ካደገ በኋላ እነዚህን ሁሉ እንደ ባዕድ ሊቆጥር ይችላል። “ሰው እንዳይለምድ” ተብሎ በጨለማ ክፍል የሚያድግ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ተናካሽ ይሆናል።

ወጪውም ቀላል አይደለም። 30 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሥራ ላይ ያለ ውሻ በቀን ከ1,500 እስከ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይፈልጋል። ይህ ለአንድ ጎልማሳ ሰው ከሚያስፈልገው ብዙም አያንስም። ትራፊ እንጀራ ብቻውን አያኖረውም። በቆላማ ወረዳዎች ደግሞ ሙቀቱ ሌላ አደጋ ነው። የሥራ ወኔው ከፍ ያለ ውሻ ድካሙን ስለማያዳምጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሮጥ በሙቀት ተመትቶ ሊሞት ይችላል።

ለማንስ ይሆናል?

ይህ ሁሉ ሲባል “ጀማሪ ከቶ አይሞክረው” ማለት አይደለም። ማንኛውም ጎበዝ አሠልጣኝ አንድ ቀን ጀማሪ ነበር። ልዩነቱ የሚመጣው ከሁኔታው ነው። በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ለውሻው የሚሰጥ፣ ልምድ ያለው አሠልጣኝ በቅርቡ ያገኘ፣ ለውሻው እውነተኛ ሥራ ያለው ሰው ሊሳካለት ይችላል። ሰፊ ግቢ ያለው ድርጅት ጥበቃ ሠራተኛውን ከውሻው ጋር አብሮ ካሠለጠነ ውጤት ያገኛል። ቡችላ ከመግዛት ይልቅ ሥልጠናውን የጨረሰና ዕድሜው የበሰለ ውሻ መውሰድም ለጀማሪ የተሻለ መንገድ ነው።

ከመግዛት በፊት ባለቤቱ ለራሱ ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ውሻው በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የሚያሠራውስ ማን ነው? ያ ሰው ሲታመም ወይም መንገድ ሲሄድ ማን ይተካዋል? በግቢው ውስጥ ትንንሽ ልጆች አሉ? አጥሩ ውሻውን ያግደዋል? ወላጆቹን በዓይን ማየት ይቻላል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ አጥጋቢ መልስ ከሌለ ግዢውን ማቆየት ብልህነት ነው። ሻጩ ስለ ውሻው ኃይለኛነት ብቻ እያወራ ስለ ጠባዩ ካልተናገረም ራሱን የቻለ ማስጠንቀቂያ ነው።

የደቡባዊ አፍሪካ ትምህርት

በግና ፍየልን ከአውሬ መጠበቅ ዋናው ዓላማ ከሆነ ከአፍሪካ የሚገኝ ልምድ አለ። በናሚቢያ ገበሬዎች ከብቶቻችንን ይበላሉ በሚል አቦሸማኔዎችን ይገድሉ ነበር። እ.አ.አ በ1990 የተቋቋመው የአቦሸማኔ ጥበቃ ድርጅት ከ1994 ጀምሮ የቱርክ ዝርያ የሆኑትን የአናቶሊያ እረኛ ውሾች እያራባ ለገበሬዎች መስጠት ጀመረ። ቡችሎቹ ገና በጨቅላነታቸው ወደ መንጋው ይገባሉ። የድርጅቱ ባለሙያዎችም እየተመላለሱ ያያሉ፤ ገበሬውን ያስተምራሉ፤ ውሻው ካጠፋ ያርማሉ። አብዛኞቹ ገበሬዎች የእንስሳት ኪሳራቸው በእጅጉ መቀነሱን ተናግረዋል። ከውሻው ጎን ለጎን የተሰጠው ክትትል የውጤቱ ግማሽ መሆኑ ግልጽ ነው።

ከዚህ ይልቅ ለኢትዮጵያ አርሶ አደር የሚቀርበው ግን የጎረቤቷ የቦትስዋና ተሞክሮ ነው። በዚያ የተካሄደ ጥናት የአገሬውን ፅዋና ውሻ ከውጭ ከመጡት የጠባቂ ዝርያዎች ጋር አነጻጽሯል። ለደረቁ የአፍሪካ ሳር ምድር ይበልጥ አመቺ ሆኖ የተገኘው የአገሬው ውሻ ነው። በአነስተኛ ዋጋ ይገኛል፤ አኗኗሩ ወጪ አይጠይቅም፤ አካባቢውንም ለምዶታል። በአሜሪካ የናቫሆ ሕዝቦችም ድብልቅ ዘር ያላቸውን ተራ ውሾች ከጨቅላነታቸው በበግ መሐል እያሳደጉ ለመንጋ ጥበቃ ሲጠቀሙባቸው ኖረዋል።

ከእነዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ለመንጋ ጥበቃ የዘሩ ስም የሚወስነው ከፊሉን ብቻ ነው። ቀሪውን የሚወስነው አስተዳደጉ ነው። ይህ ደግሞ ለአርሶ አደሩ የምሥራች ነው፤ ምክንያቱም የአገር ውስጥ ቡችላ በየቀበሌው አለ።

የአገሩን ቡችላ ለመንጋ ማሳደግ

ምርጫው ከእናት ይጀምራል። ከከብትና ከበግ ጋር በሰላም የምትውል፣ ዶሮ የማታሳድድ፣ እንግዳ ሲመጣ የምትጮኽ ነገር ግን ያለ ምክንያት የማትናከስ እናት ልጆቿም ተስፋ አላቸው። ቡችላው ከስምንተኛው ሳምንት በፊት ከእናቱ ባይለይ ይመረጣል። ከወንድሞቹና ከእናቱ ጋር ሲጫወት ንክሻውን መመጠን የሚማረው በዚህ ጊዜ ነው።

ከመጣ በኋላ ማደሪያው ጉረኖው ውስጥ ወይም ከጉረኖው ጋር የተያያዘ ሊሆን ይገባል። ለቡችላው ብቻ የምትሆን፣ በጎች የማይገቡባት ጥግ ከተከለለችለት ሳይረገጥ ያድጋል፤ ምግቡንም ሳይሻሙት ይበላል። በመጀመሪያ ከጠቦቶችና ከረጋ ጠባይ ካላቸው በጎች ጋር ማዋል ጥሩ ነው። ቤተሰቡ ይነካካው፤ ስሙን ይወቅ፤ መያዝና መታሰር ይልመድ፤ አለበለዚያ ለክትባት እንኳ አይያዝም። ነገር ግን ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ ካደረ ልቡ ከቤት ይሆናል፤ መንጋውን ትቶ ይመጣል።

ከእረኛው ጋር ወደ ግጦሽ ሲወጣ እንደ ጨዋታ በግ ማሳደድ ከጀመረ ወዲያውኑ መቆም አለበት። “ቡችላ ነው፣ ይተወዋል” የሚባል ነገር የለም፤ ልማድ የሚሆነው ያኔ ነው። ማረም ማለት በዱላ መምታት አይደለም። በጠንካራ ድምፅ መከልከል፣ በገመድ አቅራቢያ ይዞ ማዋልና በጎቹ መሐል በሰላም ሲተኛ ማበረታታት ይበቃል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ያለው ጊዜ የወጣትነት ዕድሜው ስለሆነ ፈተናው ይበዛል። በተለይ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ብቻውን ሊተው አይገባም። ሙሉ እምነት የሚጣልበት ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ነው።

ውሻ ምንም ያህል ቢሠለጥን ብቻውን የጅብ መንጋ ይመልሳል ብሎ መጠበቅ አይገባም። ዋናው ሥራው መቀስቀስና አውሬውን ማመንታት ውስጥ መክተት ነው። ጠንካራ አጥር፣ ሌሊት የሚዘጋ ጉረኖና የነቃ ሰው ከሌለ ውሻውም ይበላል።

ያልተከተበ ውሻ ጠባቂ አይደለም

የትኛውም ዘር ይሁን፣ የውሻ ነገር ከእብድ ውሻ በሽታ ተለይቶ አይታይም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚገኙ ሲሆን፣ ከሰዎቹ ሕመም 99 በመቶ የሚሆነው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ፈውስ የለውም ማለት ይቻላል። መከላከያው ግን ቀላል ነው። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም የእንስሳት ሐኪሙ በሚያዘው መሠረት ይደገማል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድርም ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። “የራሴ ውሻ ነው” ብሎ መዘናጋት ሕይወት ያስከፍላል። ነካሹን ውሻ ወዲያው ከመግደል ይልቅ ለ10 ቀን አስሮ ማየት ባለሙያው ውሳኔ እንዲሰጥ ይረዳል፤ የተነከሰው ሰው ሕክምና ግን ይህን አይጠብቅም።

አመጋገቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዓል ሲሆን ጥሬ ሳንባ፣ ጉበትና የበግ ጭንቅላት ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለው የኮሶ ትል ዕጭ በውሻው አንጀት አድጎ፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወደ ግጦሹ ይመለሳል። በጎችን እያዞረ የሚጥለው፣ በተለምዶ አዙሪት የሚባለው በሽታ አንዱ መንስኤ ይኸው ነው። በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የሚቋጥረው በሽታም በዚህ መንገድ ይመጣል። የተረፈውን አብስሎ መስጠት ወይም መቅበር፣ ውሻውንም የትል መድኃኒት ማስወሰድ መንጋውንም ቤተሰቡንም ያድናል።

በተራራማ ወረዳዎች ጉዳዩ ከግቢ ያልፋል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በአቡነ ዮሴፍ ቀሪ መጠለያዎች አሉት። ከውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ሌሎች ወረርሽኞች በተለይ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ቁጥሩን ክፉኛ ቀንሰውታል። በእነዚህ አካባቢዎች ማሳደድ የሚወድ ያልተከተበ ውሻ መልቀቅ ጉዳቱ የአገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ባለቤቶች የማያውቁት የሕግ ኃላፊነትም አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል። እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ ቁጥጥር ያመለጠ ቢሆንም፣ ጉዳቱም ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። “ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው”፣ “ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ አያውቅም” የሚሉ መልሶች ባለቤቱን ከካሳ አያድኑትም ማለት ነው። በግ ከሌባ ለማዳን የተገዛ ውሻ የጎረቤትን ልጅ ቢጎዳ የሚመጣው ኪሳራ ከበጎቹ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ የጉርብትና መሻከሩ ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

ከወረዳ ምን ይጠበቃል?

ውሻ በግብርና ኤክስቴንሽን ትምህርት ውስጥ ብዙም ቦታ የማይሰጠው እንስሳ ነው። የወረዳ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቶች ግን ያለ ተጨማሪ በጀትም ሊሠሯቸው የሚችሏቸው ነገሮች አሉ። ለከብትና ለበግ የክትባት ዘመቻ ሲወጣ የውሻ ክትባትን አብሮ ማስኬድ አንዱ ነው። የቀበሌ ባለሙያዎች የውሾችን ቁጥር ከባለቤታቸው ስም ጋር መዝግበው ቢይዙ የ70 በመቶው ግብ መድረስ አለመድረሱ ይታወቃል። በማድለብና በዶሮ እርባታ ለሚደራጁ ወጣቶች በሚሰጠው ሥልጠና ላይ የጥበቃ ውሻ አመራረጥ የአንድ ሰዓት ትምህርት ቢሆን ብዙ ስህተት ይቀራል። በጎ ጠባይ ያላቸውን የአካባቢ ውሾች ከመንጋ ጋር በማሳደግ የተሳካላቸውን አርሶ አደሮች ለይቶ ልምዳቸውን ማስፋትም ከውጭ ውሻ ከማስመጣት የሚቀድም ሥራ ነው። የጤና ጽሕፈት ቤቶችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የንክሻ መረጃ ቢለዋወጡ ደግሞ ያበደ ውሻ በአንድ ቀበሌ እንደታየ በሚቀጥለው ቀበሌ መከላከል ይቻላል።

አርሶ አደሩም በበኩሉ በሬ ሲገዛ ጥርሱን አይቶ፣ አስጎትቶ፣ ጠባዩን ጠይቆ እንጂ በመልኩ ብቻ አይገዛም። ለሞፈር የሚሆነውን ለሞፈር፣ ለእርድ የሚሆነውን ለእርድ ይለያል። ለውሻም ይኸው ጥንቃቄ ይገባዋል። የሥራ ዘር የሆነ ውሻ ሥራና ሠራተኛ ባለበት ቦታ ውድ አጋር ነው። ሥራ ባጣ ጊዜ ግን ለራሱ ሥራ ይፈልጋል፤ ያን ሥራ የሚመርጠውም ባለቤቱ ሳይሆን ውሻው ራሱ ነው።